የቤንዚን ፓምፕ ከመለወጡ በፊት

የዕቃ ማመላለሻ መኪናው ጭኖ ሳለ መንገድ ላይ የቆመበት ነጋዴ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ለመግዛት መቸኮል አይገባውም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ ነውና። ካርቡራቶር በሌላቸው በአብዛኞቹ መኪናዎች ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ 2 ሰከንድ ያህል ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ከጠፋ አስቀድሞ ፊውዙ ይታይ። የተቃጠለውን በሽቦ ቁራጭ መቀጠል እሳት መጋበዝ ነው። ሪሌው ከክላክሱ ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ተለዋውጦ ይፈተን፤ ይህ ምንም ወጪ የለበትም። ቀጥሎ ሠራተኛው ፓምፑ ኃይል በሚሰጠው ጊዜ ቮልቱን እዚያው ፓምፑ ዘንድ ይለካ። ባትሪው 12 ቮልት እያሳየ ፓምፑ ዘንድ 9 ብቻ ከደረሰ፥ የዛገ ማሳ ወይም የላላ ማያያዣ ኃይሉን በልቶታል፤ መድኃኒቱም የብርጭቆ ወረቀት ነው። ኃይሉ ሙሉ ሆኖ ማሳውም ደህና ሳለ ፓምፑ ዝም ካለ ግን መለወጡ የግድ ነው። አዲሱንም ዘወትር በጥቂት ቤንዚን የሚነዳ ሾፌር ቶሎ ያቃጥለዋል፤ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ፓምፕ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው።