ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛታችን በፊት

ሠራተኛዋ እናት ማለዳ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ሥራዋ ላይ በሰዓቱ ለመገኘት፣ ማታም አስቤዛዋን ሸምታ ወደ ቤቷ ለመመለስ ምን ያህል እንደምትደክም የታክሲ ሰልፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ከዕቁብና ከቁጠባ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መኪና ፍለጋ ቢወጣ ቅንጦት አማረው አይባልም። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ የብዙዎች ዓይን ያረፈው በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነው። ለአዲሱ አቅሙ ያልፈቀደለት ደግሞ ያገለገለውን ይጠይቃል። ውድ አንባቢያን፣ የብዙ ዓመት ጥሪት ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን ነጥቦች እነሆ።

ዋናው ነገር ባትሪው ነው

ያገለገለ የቤንዚን መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ጭሱን ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ጭስ የለውም፤ ድምፁም እምብዛም አይሰማም። ሕመም ካለበት የሚደበቀው በወለሉ ሥር በተነጠፈው ባትሪ ውስጥ ነው። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱም ይኸው ባትሪ በመሆኑ፣ ቀለሙና ወንበሩ ከማማሩ በፊት መመርመር ያለበት እርሱ ነው።

ባትሪ እየዋለ እያደር አቅሙ ይቀንሳል። ለምሳሌ አዲስ ሳለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ከወረደ የሚይዘው 48 ብቻ ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ በአንድ ሙሌት 375 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን የሚሄደው 300 ነው።

በመሆኑም የባትሪውን ጤንነት በኮምፒዩተር መሣሪያ ማንበብ የሚችል ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። ራሳችሁ የምታደርጉት ቀላል ፈተናም አለ። መቶኛውን መዝግቡና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት። 20 በመቶ ከቀነሰ፣ ሙሉው ባትሪ የሚያስኬዳችሁ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ መኪና ፈልጉ።

መኪናው የት ሀገር እንደዋለም ጠይቁ፤ ሙቀት የባትሪ ጠላት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ የቀረበው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የማቀዝቀዝ ዘዴ ስላልነበረው፣ በአሜሪካ አሪዞናን በመሰሉ ሞቃት ቦታዎች የዋሉት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አቅማቸው አንሷል። ከዚህም ሌላ መኪናውን ጋራዥ አስገብታችሁ ሆዱን አሳዩት። የባትሪው ሽፋን ድንጋይ መትቶት የጎደጎደ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ለእሳት አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ቤታችሁስ ተዘጋጅቷል?

በ220 ቮልት መስመር ላይ 10 አምፔር የሚስብ ቻርጀር በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከማታ እስከ ጠዋት 10 ሰዓት ቢሰካ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ ለከተማ ውሎ ይህ ይበቃል።

ነገር ግን ለ10 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ኃይል የሚያስተላልፍ ሽቦ ይሞቃል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ወይም የላላ ሶኬት ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው የሆነ ወፍራም መስመር፣ የራሱን ብሬከርና የመሬት ሽቦ አስዘርጉ። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የት ቆማችሁ እንደምትሞሉ ከጎረቤትና ከኮሚቴው ጋር ተነጋገሩ። ከፎቅ ላይ ገመድ ማንጠልጠል ለልጆች አደገኛ ነው።

የመሙያው ሶኬት የቻይና ዓይነት ወይም የአውሮፓ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ በአካባቢያችሁ ካለው መሙያ ጣቢያ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝና ማን እንደሚጠግነውም አስቀድማችሁ እወቁ።

ከገዛችሁ በኋላ

ባትሪውን በየዕለቱ ከ20 በመቶ በታች አታውርዱት፤ ሩቅ መንገድ ከሌለባችሁም ከ80 በመቶ በላይ አትሙሉት። አንዳንድ የባትሪ ዓይነቶች ግን በየጊዜው እስከ 100 እንዲሞሉ አምራቾቻቸው ስለሚያዝዙ የመኪናውን መመሪያ አንብቡ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም አስቡና ለማግስቱ የሚሆን ኃይል ምንጊዜም ይኑራችሁ።

እንጦጦን ስትወጡ መቶኛው ፈጥኖ ቢወርድ አትደንግጡ፤ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ከፊሉን ይመልሰዋል። የፍሬን ሸራ ዕድሜ የሚረዝመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎማ ግን ከመኪናው ክብደት የተነሣ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። በክረምት ጎርፍ ባጥለቀለቀው መንገድ አትግቡ።

እናቶች በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ መኪና በቀስታ ሲሄድ ድምፁ እምብዛም ስለማይሰማ፣ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ሕፃን መምጣቱን ላያውቅ ይችላል። ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ወርዳችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ልጆችም ከቆመ መኪና ኋላ እንዳይጫወቱ አስተምሩ።

እንግዲህ ባልና ሚስት አብረው ሄደው ይዩት፤ ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን አብረው ያመሳክሩ። የቤቱን በጀት የምትይዘው እናት ጥያቄዋን ሁሉ ጠይቃ መልስ ሳታገኝ ውሉ አይፈረም። «ዛሬ ካልገዛችሁ ነገ አታገኙትም» የሚል ደላላ ቢያጣድፋችሁም አንድ ቀን ታግሦ ማስመርመር የዓመታት ልፋትን ከኪሳራ ያድናል።