ያውቁ ኖሯል? አፍ «አዎ» ብሎ ልብ «እምቢ» ሲል
ስትሮክ ከሚያጋጥማቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ አፌዥያ በሚባል የቋንቋ እክል ይቸገራሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ «አይ» ሊሉ አስበው «አዎ» እንደሚያመልጣቸው ያውቁ ኖሯል? «ወጥ ልጨምርልህ?» ለሚለው ጥያቄ ከሆነ ስህተቱ ቀላል ነው፤ መኝታ ቤት ውስጥ ግን ፈቃድን የሚያህል ነገር ያዛባል። እርግጥ ከስትሮክ በኋላ ድካም፣ ድብርት ወይም መድኃኒት የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል። አፌዥያ ራሱ የሚጎዳው ግን ቋንቋን እንጂ ፍቅርን አይደለምና፣ የታማሚውን ዝምታ ሁሉ እንደ መቀዝቀዝ መቁጠር ስህተት ነው። ባለትዳሮች አጭር ጥያቄ አንድ በአንድ ቢጠያየቁ፣ መልሱንም በአውራ ጣት ምልክት ወይም በሥዕል ካርድ፣ ፊትንም አይተው ቢያረጋግጡ በተሻለ ሊግባቡ ይችላሉ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በዚህ ሊያግዛቸው ይችላል፤ የወሲብን ጉዳይ ለማንሳት ግን ብዙ ጊዜ ሐኪሙም ታማሚውም ያፍራሉ።