ለከባድ ሰው የሚሆን ፈረስ

በአባቶቻችን ዘመን ፈረስ የጦር ጓድና የክብር መለያ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላም አባ ነጋ እየተባሉ የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ዛሬ ግን ከጠረጴዛና ከመኪና የማይለየው ሹምና ነጋዴ ሰውነቱ እየከበደ ሄዶ ግልቢያ ለመማር ቢመኝ፣ «እኔን የሚሸከም ፈረስ ወዴት ይገኛል?» በማለት አፍሮ ይተወዋል። ይህ ጥያቄ ግን የሚያሳፍር አይደለም፤ ኮርቻ ላይ ከመውጣት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ነጋዴ ዕቃውን ሳይመዝን በመኪና እንደማይጭን ሁሉ፣ ፈረስም የሚችለው ልክ አለው። በፈረስ አዋቂዎች ዘንድ የተለመደው መጠን፣ የሰውየውና የኮርቻው ክብደት ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጭነቱ ከመቶ 25 እና 30 ሲደርስ የፈረሶቹ የልብ ትርታ ጨምሯል፤ የጀርባቸውም ጡንቻ ታምሟል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በታተመ ሌላ ጥናትም፣ ፈረሶቹ በከባዶቹ ጋላቢዎች ሥር በማነከሳቸው ምክንያት ፈተናው ሳይፈጸም ተቋርጧል። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ከባድ ሰው ተመጣጣኝ ፈረስ ይምረጥ አሉ እንጂ ግልቢያን ይተው አላሉም።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ከሚመዝን ኮርቻ ጋር 105 ኪሎ ይሆናልና፣ 525 ኪሎ ያህል የሚመዝን ፈረስ ያስፈልገዋል። የሀገራችን ፈረስ ብርቱና ታጋሽ ቢሆንም አካሉ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ የሚመዝነው ከነኮርቻው የሚገባው ሸክም 50 ኪሎ ብቻ ነው። የቀድሞ መኳንንት በረጅም መንገድ ላይ በሰጋር በቅሎ ተቀምጠው ፈረሳቸውን ለጦርነት እያስጎተቱ መሄዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰጋር በቅሎ የማታንገላታ ስለሆነች፣ በአቅሟ ልክ ከተጫነች ለጀማሪም ትመቻለች።

የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ እንደ መሆኑ፣ ጉዳዩ በዚያች ከተማ የሚሠሩትን ወገኖቻችንንም ይመለከታል። በሀራሙስ ሰፈር ለሚኖር ሰው ከክብደቱ ሌላ የባሕሩ ዳር ወበቅ ይጨመርበታል። ፈረስ የደጋ ወዳጅ ነው፤ ቆላው የግመል አገር ነው። በጅቡቲ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ ከባድ ሰው የተሸከመ ፈረስ በቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ወራት፣ ያውም በማለዳ መማር ይሻላል። በዕረፍቱ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው በእንጦጦ ፓርክ ግልቢያን በነፋሻ አየር ሊሞክር ይችላል፤ በዚያም ቢሆን የፈረሱን ልክ መጠየቅ አይቀርም።

ጋጣውን የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ አስተማሪውን ያስተውል። ክብደቱን በትሕትና የሚጠይቅና ለእርሱ የሚሆን ፈረስ ከሌለው በግልጽ «የለኝም» የሚል ባለጋጣ የታመነ ነው። ሳይጠይቅ ማንንም በማናቸውም ፈረስ ላይ የሚያወጣ ግን ገንዘቡን እንጂ ፈረሱንም ደንበኛውንም አያስብም። ቀጥሎም ፈረሱ ጀርባው ሰፊ፣ እግሩ ወፍራም፣ ጠባዩም የረጋ መሆኑን፣ ጥላና ውኃ ማግኘቱን፣ ኮርቻው ሲነሣ ጀርባው ላይ ቁስል አለመኖሩን ይመልከት። ኮርቻው ለሰውየው ከጠበበ ሸክሙ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ፈረሱን ይጎዳል።

ሲወጣም በእርካቡ ተንጠልጥሎ ፈረሱን ወደ ጎን ከመጎተት ይልቅ በከፍተኛ መቆሚያ ላይ ሆኖ ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አጫጭርና በእርምጃ ብቻ ይሁኑ፤ ሚዛኑን መጠበቅ ሳይችል ወደ ሶምሶማ የሚቸኩል ሰው በየእርምጃው እየዘለለ የፈረሱን ጀርባ ይደበድባል።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እንዲያደርስ ግን ጀርባው ደኅና መሆን አለበት። ፈረስ የተጫነበትን በአንደበቱ ሊናገር አይችልምና፣ ልኩን መጠየቅ የጋላቢው ፈንታ ነው።