በደብረ ታቦር የቀትር ጥላ አቅጣጫውን የሚለውጥበት ምክንያት

የቀትር ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን ያመለክታል የሚለው ትምህርት ለአውሮፓ አገሮች እውነት ነው። በደብረ ታቦር ግን የሚሠራው በዓመት ውስጥ ለስምንት ወራት ያህል ብቻ ነው። በቀሩት አራት ወራት ጥላው ወደ ደቡብ ስለሚዞር፥ በእርሱ የሚመራ መንገደኛ ደቡቡን ሰሜን ሊል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የነገሩን ምክንያት መግለጽ ነው።

ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ግድም ትገኛለች። ምድር በፀሓይ ዙሪያ ስትዞር ዛቢያዋ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ፀሓይ በቀትር በአናት ላይ የምትቆምበት ስፍራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል፤ ተመልሶም ወደ ደቡብ በዚያው ልክ ይሄዳል። ደብረ ታቦር በዚህ መንገድ መካከል ስላለች፥ ፀሓይ ወደ ሰሜን ስትሄድ አንድ ጊዜ፥ ወደ ደቡብ ስትመለስ ሌላ ጊዜ በአናትዋ ላይ ታልፋለች።

ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ቢተከል፥ ታኅሣሥ 12 ቀን ግድም የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ41 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከዓመቱ ረጅሙ ነው። ከዚያ እያጠረ ሄዶ ሚያዝያ 12 ወይም 13 ቀን ይጠፋል። ቀጥሎ ወደ ደቡብ ይዞርና ሰኔ 14 ቀን ግድም 41 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ነሐሴ 15 ወይም 16 ቀን ሁለተኛ ጊዜ ጠፍቶ ወደ ሰሜን ይመለሳል።

ቀትር ስንል የእጅ ሰዓት ስድስት የሚልበትን ጊዜ ማለታችን አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን ደብረ ታቦር ያለችው በ38 ዲግሪ ነው። ለአንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ የ7 ዲግሪው ልዩነት 28 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ በተባሉት ቀኖች ቀትር የሚሆነው በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ስሙ ከከተማዪቱ ጋር አንድ የሆነው የደብረ ታቦር በዓል፥ ማለት ቡሄ፥ የሚከበረው ነሐሴ 13 ቀን ነው። በዚያን ቀን የእንጨቱ ጥላ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሊጠፋ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀርቶታል። በዓሉ በመላ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ስለሚከበር ይህ መገጣጠም ነው እንጂ በጥላ የተወሰነ አይደለም። ነገር ግን ሕዝቡ ቡሄ ሲያልፍ ክረምቱ ይበርዳል ማለቱ ከፀሓይ ጕዞ ጋር ይስማማል። የዝናቡ መቀነት ጥቂት እየዘገየ ፀሓይን ይከተላልና፥ እርስዋ ወደ ደቡብ ስትመለስ እርሱም ይመለሳል።

ሁለቱ ቀኖች ወደ ፊት ይበልጥ ይቀራረባሉ። የዘመን አቈጣጠራችን ዓመቱን 365 ቀን ከ6 ሰዓት ያደርገዋል፤ የፀሓይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ልዩነቱ በ128 ዓመት አንድ ቀን ስለሚሆን፥ ከ300 ዓመት በኋላ ግድም ጥላው በቡሄ ቀን ይጠፋል።

በነሐሴ ወር የጉና ደመና ፀሓይን ብዙ ጊዜ ስለሚሸፍናት ለመለካት የሚመቸው ሚያዝያ ነው። ለሥራውም አንድ እንጨት፥ ቱንቢና ሜትር ይበቃሉ። ከሚያዝያ 5 እስከ 20 ቀን ድረስ በየቀትሩ የጥላውን ጫፍ በችካል ምልክት የሚያደርግ ተማሪ፥ ጥላው ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሻገር በዓይኑ ያያል፤ ለሌላ አገር የተጻፈውንም ትምህርት በገዛ መሬቱ ላይ መርምሮ ለመቀበል ይችላል።