የአንጀት ብግነት መድኃኒትን በጥንቃቄ መውሰድ
ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲደጋገም ብዙዎች “አሜባ ነው” ብለው ያልፉታል። ለሳምንታት ከዘለቀ ግን የትልቁ አንጀት ብግነት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያሻዋል።

ለዚህ ሕመም በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ሜሳላዚን ነው። የክኒኑ ሽፋን መድኃኒቱን አንጀት እስኪደርስ ስለሚጠብቀው፣ ሳይሰበርና ሳይታኘክ ሙሉውን መዋጥ ይገባል። አልፎ አልፎ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችልም የደም ምርመራው ቀጠሮ አይታለፍ። ሕመሙ ጋብ አለ ብሎ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ሰውም በድንገት አያቁም፤ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

“ፀረ ብግነት” የሚለው የጋራ ስም ግን አያሳስት። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የሚወሰዱት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የአንጀቱን ሕመም ሊያባብሱ ይችላሉ። ስለዚህ በዲራ ገበያዎች ሸክም እያነሡ የሚውሉ ሠራተኞች ማስታገሻ ከመግዛታቸው በፊት ሕመማቸውን ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ።

በሞቃቱ ወራት የሪያድ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ መድኃኒትን መኪና ውስጥ መተው አይገባም። የረመዳን ጿሚዎችም የመውሰጃ ሰዓቱን አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይወስኑ። ለምክር የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የ937 መስመር ሌት ተቀን ያገለግላል። ብዙ ደም ከፈሰሰ ወይም ብርቱ ትኩሳት ከተሰማ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።