ኢቮላንድ፦ በ48 ሰዓት የተሠራ የሚና ጨዋታና የተጫዋቾቹ ፍርድ

የሚና ጨዋታ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ዘርፍ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ በምናባዊ ዓለም የሚዘዋወርበት፣ ጠላት ባሸነፈ ቁጥር የልምድ ነጥብ የሚያጠራቅምበትና ነጥቡ ሲበዛ የገጸ ባሕርዩ ጉልበትና ችሎታ ደረጃ በደረጃ የሚያድግበት ነው። ዘርፉ ሥሩን የሚመዝዘው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ካሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ከተባለ የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ሲሆን፣ ጃፓን ውስጥ በ1986 «ድራጎን ክዌስት»፣ በ1987 ደግሞ «ፋይናል ፋንታሲ» ከወጡ ወዲህ በቤት ውስጥ መጫወቻ መሣሪያዎች ላይ ሥር ሰዷል። የዘርፉ ዋና ጠባይ ርዝመቱ ነው፤ ለገበያ የሚቀርብ አንድ የሚና ጨዋታ ለመሥራት ብዙ ባለሙያዎች ለዓመታት ይደክሙበታል፣ ተጫዋቹም እስከ ፍጻሜው ለመድረስ በአሥር የሚቆጠሩ ሰዓታት ያጠፋበታል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ አንድ ሰው በሁለት ቀን ሊሠራው መነሣቱ ከዘርፉ ባሕርይ ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነው፤ ይሁንና ሙከራው በየዓመቱ በተደጋጋሚ ይደረጋል፣ ውጤቱም በተጫዋቾች ዘንድ የሚያስነሣው ስሜት ስለ ጨዋታ አሠራር ብዙ የሚያስተምር ነው።

ሙከራው የሚደረግበት መድረክ ጌም ጃም ይባላል። ጌም ጃም ማለት ጨዋታ ሠሪዎች በአጭር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ አስቀድሞ በማይታወቅ መሪ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው፣ አዲስ ጨዋታ ከባዶ ሠርተው የሚያቀርቡበት መሰናዶ ነው። ከአንጋፋዎቹ አንዱ ጄፍ ሃውላንድ በ2002 የጀመረው «ሉደም ዳሬ» ሲሆን፣ መሪ ሐሳቡን ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ጠቁመው በድምፅ ይመርጡታል፤ የተመረጠው ግን ይፋ የሚሆነው ሰዓቱ መቆጠር በሚጀምርበት ቅጽበት ነው። በጥብቁ ዘርፍ የሚወዳደር ሰው ብቻውን 48 ሰዓት ይሠራል፣ ሥዕሉንም ድምፁንም ኮዱንም ራሱ ያዘጋጃል፣ ሲጨርስም ሌሎች እንዲማሩበት ምንጭ ኮዱን፣ ማለትም ጨዋታው የተጻፈባቸውን የፕሮግራም ትእዛዞች፣ ለሁሉም ክፍት ያደርጋል። ላላ ባለው ዘርፍ ደግሞ ቡድኖች 72 ሰዓት ተሰጥቷቸው ይሠራሉ። የገንዘብ ሽልማት የለም።

የዚህን መድረክ ፍርድ ልዩ የሚያደርገው ፈራጆቹ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። የሥራው ሰዓት ካለቀ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል እያንዳንዱ ተሳታፊ የሌሎችን ጨዋታ እየተጫወተ ለፈጠራ፣ ለመዝናኛነት፣ ለመሪ ሐሳቡ አያያዝ፣ ለሥዕል፣ ለድምፅና ለመሳሰሉት ለየብቻ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል፤ ከነጥቡም ጎን ለጎን አስተያየት ይጽፋል። የሌሎችን ጨዋታ አዘውትሮ የሚጫወትና አስተያየት የሚሰጥ ሰው የራሱም ጨዋታ ለብዙዎች ዓይን እንዲቀርብ ሥርዓቱ ያግዘዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ በዚያው ቅዳሜና እሑድ በተመሳሳይ ድካም ያለፈ፣ የትኛው ክፍል በችኮላ እንደተሠራና የትኛው ክፍል ላይ ሠሪው እንቅልፍ እንዳጣ ሲያየው የሚለይ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች የጎደለውን ከመቁጠር ይልቅ የተገኘውን ማየት ይቀናዋል፤ የሚሰጠው አስተያየትም በአብዛኛው ሐሳቡን በማድነቅ ጀምሮ ቢስተካከል የሚለውን ወደ መጠቆም የሚሄድ ነው።

ይህ ለዘብ ያለ ዓይን እንኳ ለሚና ጨዋታ ሲሆን ይጠነክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተጫዋቹ ከፊቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ተደርድረው ስለሚጠብቁት ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ የሚና ጨዋታ ደግሞ ልማዱ ቀስ ብሎ መጀመር ነው። የመንደሩን ታሪክ፣ የንጉሡን ኀዘንና የጠንቋዩን ዛቻ በተከታታይ የንግግር ሳጥኖች እየተረከ የሚጀምር ጨዋታ ጀግናው ከቤቱ ሳይወጣ ተጫዋቹን ያጣል። ሁለተኛው ችግር ሚዛን ነው፤ የጭራቁ ጉልበት፣ የጀግናው የሕይወት ነጥብ፣ ከድል የሚገኘው የልምድ ነጥብና የመድኃኒቱ ዋጋ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ቁጥሮች በመሆናቸው በትክክል ለማስተካከል ጨዋታውን ደጋግሞ መፈተሽ የግድ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት የተገመቱ ቁጥሮች ሁለት ዓይነት ተጫዋች ይፈጥራሉ፦ በሁለተኛው ፍልሚያ ተሸንፎ ጨዋታውን የሚዘጋና አንዲት ቁልፍ እየደጋገመ ሁሉንም ጠላት እየጣለ የሚሰለች። በጃም ጨዋታዎች ላይ «እጅግ ከባድ ነው» የሚለው ቅሬታ የሚበረክተው ሠሪው የእያንዳንዱን ወጥመድ ቦታ ስለሚያውቅ ለእርሱ ቀላል የሆነው ለአዲስ ሰው ቀላል እንደማይሆን ለማየት ፋታ ስለማያገኝ ነው።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም ፍርዱን ያዛባሉ። ለምሳሌ ብዙ ሠሪዎች ጀግናውን ለማንቀሳቀስ የደብልዩን፣ የኤን፣ የኤስንና የዲን ፊደላት ይመርጣሉ፤ በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ እነዚህ አራት ቁልፎች ለግራ እጅ ጣቶች ተስማምተው ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። በፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ ግን በደብልዩ ቦታ ዜድ፣ በኤ ቦታ ደግሞ ኪው ስላለ የፈረንሳዩ ተጫዋች ወደ ላይና ወደ ግራ ለመሄድ ጣቱን ማጣመም ይገደዳል። የቀስት ቁልፎችን እንደ አማራጭ መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ ሳይጨመሩ ሲቀሩ ግን ከአንድ አገር የሚመጣው ተጫዋች በሙሉ ጨዋታውን በቅሬታ ይጀምራል። በጃም ላይ ለተጫዋች ምቾት የሚታሰብ ነገር ሁሉ ተራው መጨረሻ ላይ መሆኑ የዚህ ልማድ ትልቁ ድክመት ነው።

እነዚህን መሰናክሎች ሁሉ ባልተጠበቀ መንገድ ያለፈው በነሐሴ 2012 በተካሄደው 24ኛው ሉደም ዳሬ የቀረበው «ኢቮላንድ» ነው። ሠሪው ሄክስ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ፈረንሳዊው ኒኮላ ካናስ ሲሆን፣ የዚያ ዙር መሪ ሐሳብ «ዝግመተ ለውጥ» ነበር። ብዙዎች በዚህ መሪ ሐሳብ ሥር እንስሳት ሲለወጡና ሕዋሳት ሲያድጉ ለማሳየት ሲሯሯጡ፣ ካናስ ግን እንዲለወጥ ያደረገው የሚና ጨዋታውን ራሱን ነው። ጨዋታው ሲጀመር በ1989 የወጣውን ጌም ቦይ የተባለ የእጅ መጫወቻ መሣሪያ የሚያስታውስ፣ ቀለም የሌለው ደብዛዛ ስክሪን ላይ አንድ ትንሽ ጀግና ቆሞ ይታያል። ተጫዋቹ ቁልፎቹን ቢሞክር ከቀኝ በቀር የሚሠራ የለም። ወደ ቀኝ ሲሄድ ሣጥን ያገኛል፣ ሣጥኑን ሲከፍት ወደ ግራም መሄድ እንደሚችል ይነገረዋል፤ በሌላ ሣጥን ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ፣ በሌላ ደግሞ ጀግናውን ተከትሎ የሚንሸራተት ስክሪን ያገኛል። ከዚያ ሰይፍ፣ ጭራቆች፣ ድምፅ፣ ቀለምና ጨዋታውን ካቆሙበት ለመቀጠል የሚያስችለው የማስቀመጫ ቦታ እየተከታተሉ ይመጣሉ።

የዚህ አሠራር ብልሃት ከላይ የተጠቀሱትን ጉድለቶች ወደ ጥቅም መለወጡ ላይ ነው። በሌላ የጃም ጨዋታ ቀለም አለመኖሩ፣ ድምፅ አለመሰማቱና ማስቀመጫ መጥፋቱ በአስተያየት መስጫው የሚዘረዘሩ ነቀፌታዎች ሲሆኑ፣ እዚህ ግን ተጫዋቹ እያንዳንዱን በናፍቆት ይጠብቀዋል፣ ሲያገኘውም እንደ ስጦታ ይቀበለዋል። ትረካ ሳይቀድም የመጀመሪያው ሣጥን በሰከንዶች ውስጥ ይገኛል፤ የቁልፎቹ አጠቃቀምም አንድ በአንድ ስለሚሰጥ መመሪያ ማንበብ አያስፈልግም። በዚያ ላይ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጨዋታ ሠሪዎች በመሆናቸው ስክሪን እንዲንሸራተት ማድረግ ምን ያህል ኮድ እንደሚጠይቅ ያውቃሉ፤ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ነገር በሣጥን ውስጥ እንደ ወርቅ ተቀምጦ ሲያዩት የሥራቸው ክብር ታወቀላቸው። ኢቮላንድ በጥብቁ ዘርፍ በአጠቃላይ ውጤት አንደኛ ወጣ። ምንም ነገር መጫን ሳያስፈልግ በብራውዘር መከፈቱም ከጃሙ ውጭ ላሉ ብዙ ተጫዋቾች በቀላሉ እንዲደርስ ረድቶታል።

ካናስ ከሴባስቲያን ቪዳል ጋር በ2012 ቦርዶ ከተማ የመሠረተው ሺሮ ጌምስ የተባለው ድርጅት ሐሳቡን አስፍቶ በሚያዝያ 2013 «ኢቮላንድን» ለሽያጭ አቀረበ። ጀግናው ክሊንክ፣ ጓደኛው ኬሪስ፣ ጠላታቸው ደግሞ ዜፊሮስ ተባሉ፤ ስሞቹ «ዜልዳ» የተባለውን ጨዋታና «ፋይናል ፋንታሲ»ን የሚያውቅ ሰው ወዲያው የሚለያቸው ናቸው። ጨዋታው ከሁለት አውታር ሥዕል ወደ ሦስት አውታር ይሸጋገራል፤ ተራ በተራ የሚደረግ ፍልሚያ፣ ማለትም ተጫዋቹም ጠላቱም ተራቸውን ጠብቀው የሚመቱበት ሥርዓት፣ በአንድ በኩል ሲገባ፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ዲያብሎ» የተባለውን ጨዋታ የሚያስታውስ ጭራቆች የሚጎርፉበት ክፍል ተጨመረ። የሚሰበሰቡ ካርዶችና ካርዶቹን የሚጠቀም ትንሽ ጨዋታም አለው። ጠቅላላው ርዝመት ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያህል ነው።

የገዢዎቹና የሐያሲዎቹ ስሜት ግን ተከፋፈለ። መነሻ ሐሳቡን ያላደነቀ ጥቂት ነው፤ በልጅነታቸው እነዚያን ጨዋታዎች የተጫወቱ ሰዎች ትዝታቸው መቀስቀሱን በደስታ ተቀብለውታል። ቅሬታው የመጣው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ነው። ሣጥኖቹ እየቆዩ ሲሄዱ አዲስ ነገር መስጠት ይቀንሳሉ፣ ፍልሚያው ጥልቀት ያንሰዋል፣ በሜዳ ሲሄዱ በድንገት የሚገጥሙት ጠላቶች መደጋገም ያሰለቻል፣ ታሪኩም ቀልድ ከመሆን አልፎ የራሱን ክብደት አያገኝም ተባለ። ለገንዘቡ አጭር ነው ያሉም ነበሩ፤ እነዚሁ አጭር ያሉት ሰዎች መካከሉ ተንዛዝቷል ማለታቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም የተሰማቸው የይዘት እጥረት እንጂ የሰዓት እጥረት አልነበረም።

በዚህ ነጥብ ላይ የጃሙ ተጫዋቾችና ገዢዎቹ ስለ አንድ ጨዋታ የተለያየ ነገር ተናገሩ ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም፤ የመለሱት ጥያቄ ራሱ የተለያየ ነበር። የጃሙ ተጫዋች ሐሳቡ ሕይወት አለው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ለዚህ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ገዢው የሚመልሰው ምሽቶቹን የሚሰጠው ነገር አገኘ ወይ የሚለውን ነው። ጨዋታ ሠሪ የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ አድርጎ ሲወስደው ይሳሳታል፤ ገዢዎቹን ቅር ያሰኘው አንዱን የሣጥን ብልሃት በአዲስ ብልሃት ሳይደግፉ ማርዘም ነበር። የ2013ቱ ኢቮላንድ ከሁሉ የሚጠነክረው ክሪስታል በመምታት ከሁለት አውታር ወደ ሦስት አውታር፣ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ዘመን እየተሻገሩ መንገድ በሚፈለግበት ክፍል ነው፤ በዚያ ቦታ የሥዕሉ ለውጥ ለእይታ ብቻ ሳይቀር ተጫዋቹ የሚያስብበትና የሚሠራበት መሣሪያ ይሆናል።

ሺሮ ጌምስ በነሐሴ 2015 ያወጣው «ኢቮላንድ 2» ይህንኑ ክፍል ዋና ምሰሶው አድርጎታል። በሁለተኛው ጨዋታ ሣጥን እየከፈቱ ማደግ ወደ ጎን ተትቶ ጀግኖቹ በጊዜ ውስጥ እየተጓዙ የሚገቡበት ዘመን ሁሉ የራሱ የሥዕል ስልት ኖሮት ተሠራ፤ በጥንቱ ዘመን የተደረገ ነገርም በኋለኛው ዘመን መንገድ ይከፍታል። ርዝመቱ ወደ ሃያ ሰዓት ተጠግቷል፣ ታሪኩም በራሱ የሚቆም ሆኗል። የተጫዋቾቹ አቀባበል ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር፤ የሚሰነዘረው ቅሬታም ተለውጦ በአንዱ ጨዋታ ውስጥ የተለያዩ የጨዋታ ዓይነቶች እየተፈራረቁ መምጣታቸው አንዳንዱን ክፍል ያለ ልክ ከባድ አድርጎታል ወደሚል ዞረ። ሁለቱ ጨዋታዎች በ2019 በአንድ ላይ ተጠርዘው እንደገና ሲወጡ፣ ገዢው ከሐሳቡ ወደ ሙሉ ጨዋታ የተደረገውን ጉዞ በተከታታይ ተጫውቶ እንዲመዝን ዕድል ተከፍቶለታል።