የእህቴ ፈተናና የቤታችን ወረቀቶች

ባለፈው ክረምት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ ታላቅ እህቴ ቤት ሁለት ወር ተቀምጬ ነበር። እህቴ ቀን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ማታ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እራት አቅርባ፣ የተበላበትን አነሳስታ ከጨረሰች በኋላ ላፕቶፗንና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች። ዕድሜዋ 51 ነው። የምታጠናው የሕይወትና የጤና ኢንሹራንስ ለመሸጥ የሚያስችለውን የክፍለ ግዛቱን የፈቃድ ፈተና ነው።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን ነገሩን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ታክሲ የሚያሽከረክረውም፣ ሆስፒታል የሚሠራውም፣ ቤት የዋለችውም «ላይሰንስ ላወጣ ነው» ሲሉ ይሰማል። እህቴን ያነሳሳት ግን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያናቸው የሚያውቁት የሦስት ልጆች አባት በድንገት ሞተ። አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክና ለልጆቹ የቤት ኪራይ ለመሸፈን መዋጮ ሲሰበሰብ መዝገቡን የያዘችው እሷ ነበረች። ሰው አልሰሰተም። ገንዘቡ ግን በወራት ውስጥ አለቀ። «ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃቸዋል?» የሚለው ጥያቄ ከእሷ አልወጣም።

አሜሪካ ውስጥ የኢንሹራንስን ሥራ በዋናነት የሚቆጣጠረው የማዕከሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣው ሕግም ይህንኑ አጽንቶታል። እኛ ዘንድ ተቆጣጣሪው አንድ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን እነሱ ዘንድ በየክፍለ ግዛቱ ነው ማለት ነው። እናም የቨርጂኒያ ፈቃድ የያዘ ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ላለችው አክስቱ ለመሸጥ የሜሪላንድ ፈቃድም ያስፈልገዋል። ፈተናው ኮምፒዩተር ላይ የሚሰጥ፣ ከመቶ በላይ የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለማለፍ 70 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል። እህቴ በመጀመሪያው ሙከራዋ 64 አምጥታ መኪናዋ ውስጥ ለብቻዋ ስታለቅስ እንደቆየች የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

የጣላት የእውቀት ማነስ አልነበረም። «ከሚከተሉት ውስጥ ይህን የማይመለከተው የትኛው ነው?» ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው የበሏት። እኛ በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ጠብቀን ነው «ነው» ወይም «አይደለም» መሆኑን የምንለየው። በእንግሊዝኛው «በስተቀር» የምትለዋ ቃል መሐል ላይ ተሰንቅራ ታልፋለች። እሷ ደግሞ ትክክለኛውን ነገር ስታይ ደስ ይላትና ቶሎ ትመርጠዋለች። ትንሿ ልጇ 16 ዓመቷ ነው፤ መላውን ያገኘችው እሷ ናት። ጥያቄውን ጮክ ብላ እያነበበች፣ «በስተቀር» ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን በማንኪያ ትመታለች። ከሳምንት በኋላ እናትየውም ማንኪያ ሳይመታ ቃሏን ማየት ጀመረች።

እናታችን ሶፋው ላይ መቁጠሪያዋን እያገላበጠች ታዳምጣለች። ወደ አሜሪካ የሄደችው ከሦስት ዓመት በፊት በግሪን ካርድ ነው፤ አሁን 72 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛው አይገባትም፤ እህቴ ግን ያጠናችውን ለእናታችን በአማርኛ ማስረዳት ትወድ ነበር። አንድ ማታ መጽሐፉ ስለ ወንድማማች ማኅበራት የሚለው ጋ ደረሱ። ትርፍ የማይፈልጉ፣ አባላቱ በአንድ እምነት ወይም በአንድ ወገን የተሰባሰቡ፣ መሰብሰቢያ ያላቸው፣ ኢንሹራንስም ለአባሎቻቸው የሚሸጡ ድርጅቶች ናቸው። እናታችን መቁጠሪያውን አስቀመጠችና «ይኼማ ዕድር ነው!» አለች። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዋ እሷ ሆነች። በሽተኛ ሰው ሊሞት ሲል ተሯሩጦ ኢንሹራንስ እንዳይገባ ኩባንያዎች ለምን የጤና ጥያቄ እንደሚያበዙ እህቴ ስታስረዳት፣ «እኛስ ዘግይቶ ለሚመጣ መግቢያውን የምናከብደው ለምን ይመስልሻል?» አለቻት። ወኪሉ የሰበሰበውን የደንበኛ ገንዘብ ከራሱ ጋር መቀላቀል ክልክል መሆኑን ስትሰማ ደግሞ በሠፈራችን የነበረውን አንድ ገንዘብ ያዥ አስታውሳ ብዙ ተናገረች። ስሙን እዚህ አላነሳም።

ቤቱን ያናወጠው ምዕራፍ ሌላ ነው። በሕይወት ኢንሹራንስ ውል ውስጥ የዕድሜ ስህተትን የሚመለከት አንቀጽ አለ። ውሉ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ኩባንያው ማመልከቻው ላይ በተጻፈ ስህተት አመካኝቶ ውሉን ማፍረስ አይችልም ማለት ይቻላል። ዕድሜ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ሟቹ ዕድሜውን ቀንሶ ተመዝግቦ ከሆነ ኩባንያው ውሉን አያፈርስም፤ የከፈለው አረቦን በትክክለኛው ዕድሜው ሊገዛለት ይችል የነበረውን ያህል ብቻ አስልቶ ይከፍላል። ጨምሮ ከሆነም እንዲሁ ይሰላል፤ ያኔ የሚከፈለው ከፍ ይላል። ይህ ለፈረንጁ ተፈታኝ የአንድ ጥያቄ ነገር ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው። ስንቱ ነው በስደተኛ ካምፕ የተወለደበት ቀን ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈለት? ስንቱስ ነው የእኛን ዓመተ ምሕረት እንዳለ የፈረንጅ አድርገው የመዘገቡለት?

የእህቴ ባለቤት አንዱ ነው። የተወለደው በ1961 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ላይም 1961 ይላል፤ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። እናም በእውነት የ56 ዓመት ሰው ወረቀቱ ላይ 64 ሆኗል። ሲቀልድበት ኖሯል፤ «ጡረታዬን ከጓደኞቼ ቀድሜ እበላለሁ» ይላል። ያን ማታ እህቴ መጽሐፉን ዘግታ «የአንተ ውል የት ነው?» አለችው። ወጣት እያለ፣ ከመጋባታቸው በፊት የገባው የ30 ዓመት ውል እንዳለው ታውቃለች፤ አይታው ግን አታውቅም። መጀመሪያ «አሁን ይኼ ምን ይባላል በዚህ ማታ?» ብሎ ሸሸ። እናታችንም «ተይው ልጄ፣ ሟርት ነው» አለች። እህቴ አልተወችም። ከቁም ሳጥኑ ላይ የድሮ ሻንጣ ወርዶ፣ ከክትባት ካርድና ካረጀ የባንክ ደብተር ሥር ውሉ ተገኘ።

የዕድሜው ነገር እንደተጠበቀው ነበር፤ ስምንት ዓመት ያህል ተጨምሮበት ዕድሜው ከፍ ያለ ሰው አረቦን ሲከፍል ኖሯል። ሁሉም ሰነዱ ያንኑ ስለሚል ማስተካከሉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዚያ የባሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። የገንዘቡ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው የባለቤቷ ወንድም ነው። እህቴ የለችበትም፣ ልጆቹ የሉበትም። ወንድምየው ዛሬ ስዊድን ይኖራል፤ ደግ ሰው ነው፤ ሁላችንም እንወደዋለን። ግን ያን ማታ የቤቱ አባወራ አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ ኩባንያው የሚከፍለው ለሚስቱ አልነበረም፤ ውሉ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ኑዛዜ ቢኖርም በጥቅሉ የሚጸናው በውሉ ላይ የተጻፈው ስም ነው።

ጥቂት ደቂቃ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ባለቤቷ «ያኔ አንቺን አላውቅሽም ነበር እኮ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ጥፋተኝነትም ቁጣም ነበረበት። «አውቃለሁ» አለችው። «ካወቅከኝ በኋላስ?» ይህን ወደ ጋዜጣ ማምጣቴን ሁለቱም ፈቅደውልኛል።

ቅጹን መቀየሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከባዱ ምን ተብሎ ይሞላ የሚለው ነበር። የመጀመሪያ ተቀባይ እሷ ናት። እሷ ቀድማ ብትሞትስ ተብሎ ሁለተኛ ተቀባይ ይጻፋል፤ ያ ለልጆቹ ነው። ሆኖም 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ኩባንያው ገንዘቡን በእጁ አይሰጠውም፤ ሞግዚት ወይም ገንዘቡን በአደራ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አያቶች በተለይ ልብ ልትሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከተቀባዮቹ ልጆች አንዱ ከወላጁ ቀድሞ ቢሞት፣ ድርሻው ወደ እሱ ልጆች ይወርዳል ወይስ በሕይወት ያሉት ወንድሞችና እህቶች ይካፈሉታል? ሁለቱም ዓይነት አጻጻፍ አለ። ዝም ተብሎ ከተተወ የልጅ ልጅ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። እናታችን ይህን ስትሰማ «የሞተው ልጅ ልጆች ያባታቸውን ይውሰዱ እንጂ!» ብላ ወሰነች፤ በቅጹም እንደዚያው ተሞላ።

የጤናው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ተራው የእናታችን ነበር። አገር ቤት ሆነን «ልጄ ወስዳኛለች፣ ከእንግዲህ መንግሥት ያሳክመኛል» እንላለን። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ግን ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው የሚፈቀደው 65 ዓመት ሞልቶት አሜሪካ አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ ነው። ያም ቢሆን የሆስፒታሉ ክፍል ያለ ክፍያ የሚሰጠው ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው እዚያ ለአሥር ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ለከፈሉ ነው። የልጅ ሥራ አይቆጠርም። እናታችን ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ ስትደርስም በወር በወር መግዛት ይኖርባታል። ጊዜው ሲደርስ ሳይመዘገቡ መቆየትም ቅጣት አለው፤ የሐኪሙ ክፍል ወርኃዊ ክፍያ ለእያንዳንዱ ሙሉ የዘገየ ዓመት 10 ከመቶ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጭማሪውም ኢንሹራንሱ እስካለ አይነሳም። ለጥምቀት አዲስ አበባ መጥታ ብትታመም ሜዲኬር በአብዛኛው አይከፍልም። እህቴ ይህን ሁሉ አስልታ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀን አስከበበቻት። ያላጠናች ቢሆን ኖሮ ማን ይነግራት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ሥራው ግን ሌላ ታሪክ አለ። ወደ ፈተናው የሳባት የእኛው አገር ሰው ነው። በአንድ ሻጭ ድርጅት ሥር ሰው ይመለምላል፤ እሱ ያመጣው ሰው ሲሸጥ ለእሱም ድርሻ ይደርሰዋል። ይህ በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ፈተናውን ሳትወስድ በፊት የመቶ ዘመድና ወዳጅ ስም ጻፊ አላት። 43 ላይ ደርሳ ቆማ ነበር፤ ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ተለጥፎ አይቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስታችን ናት። ሰውየው ለእናቶች ሲሸጥ «እንደ ባንክ ነው በያቸው፣ የፈለጉ ቀን ያወጡታል» አላት።

መጽሐፉ ደግሞ ሌላ ይላል። ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው ውል ገንዘብ ያጠራቅማል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያቋርጡት የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ ምንም ላይኖርም ይችላል። ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚገባው ደግሞ አያጠራቅምም፤ አረቦኑ ግን በጣም የረከሰ ነው። ኢንሹራንስን የባንክ ቁጠባ አስመስሎ መሸጥ፣ ደንበኛን አታሎ የቆየ ውሉን አስጥሎ አዲስ ማስገባት ክልክል ነው፤ እነዚህ የፈተናው ጥያቄዎች ናቸው። እህቴ በስልክ ይህን ስታነሳበት «የፈተናው ሌላ፣ የሥራው ሌላ» አላት። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። የ16 ዓመቷ ልጅ በማንኪያዋ ጠረጴዛውን መታች።

እኔ ሥራውን አልኮንንም። በትክክል የሚሠሩትን አውቃለሁ፤ ለዚያ የሦስት ልጆች አባት አንድ እንደዚህ ያለ ሰው በጊዜ ደርሶለት ቢሆን ኖሮ መዝገብ የሚያስይዝ ነገር ባልኖረ ነበር። ግን ልጆቻችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ ይህን ፈተና ሲያልፉ ወደ እናንተ የሚመጡት የመጀመሪያ ደንበኛ ፍለጋ ነው። «እምቢ ማለት ነውር ነው» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ውሉ በእጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ አንብባችሁ የምትመልሱበትና ገንዘባችሁን የምታስመልሱበት ጊዜ አለ፤ በብዙው ክፍለ ግዛት ቢያንስ አሥር ቀን ነው። አንድ ወር አረቦን ቢያመልጣችሁም ውሉ በዚያው ቀን አይፈርስም፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ያህል የእፎይታ ጊዜ አለው። ይህን ያልነገራችሁ ወኪል የዘመድ ልጅ ቢሆንም ጠይቁት።

እህቴ እኔ ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈትና አለፈች። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። መልማዩ ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ ካለ በኋላ ስለ ዝርዝሩ ጠየቃት። «አስብበታለሁ» ብላ ዘጋችው። ለሌላ ድርጅት ትሥራ፣ ለብቻዋ ትሞክር፣ እስካሁን አልወሰነችም። የመንከባከቢያውን ሥራም አልለቀቀችም።

ሦስተኛው ቡና ላይ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው አንስታ የመጀመሪያው ስም ላይ ደወለች።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ? አይ፣ ምንም ልሸጥልሽ አይደለም። ሜሪላንድ መሸጥም አልችልም ገና። ያ ድሮ የገባሽው ኢንሹራንስ ውሉ የት ነው ያለው? በማን ስም ነው ያደረግሽው?»

«ምነው ልጄ፣ ምን አየሽብኝ?» ሲሉ ሁላችንም ሰማን። ትንሽ ዝም አሉ።

«ቆይ እስቲ፣ መነጽሬን ላምጣ።»